ለትል የሚተወው ጥማድ

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በጣርማ በር ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ተሻግሮ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መንገደኛ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ውርጭ ወጥቶ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ዝቅ ካለው ቆላ ይገባል። በዚህ ቁልቁለት ገብስና ባቄላው ለስንዴና ለጤፍ፣ ጤፉ ለማሽላ፣ ማሽላውም አልፎ አልፎ ለበቆሎ፣ ለማሾና ለሽንኩርት ቦታውን እየለቀቀ ይሄዳል። ተባዩም አብሮ ይለወጣል። ደጋው ላይ ስለ ዋግ የሚያወራ ገበሬ፣ ቆላው ላይ ሲደርሱ ስለ አገዳ ቆርቁር፣ ስለ ጓይ ትልና ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ስለ አሜሪካ መጤ ተምች ያወራል። በዚህ ወሬ ውስጥ ተደጋግሞ የሚሰማ አንድ ቃል አለ፤ «መድኃኒቱን ለመደው» ይባላል። አምና ገዳይ የነበረው ርጭት ዘንድሮ ትሉን አልነቀነቀውም ማለት ነው።

ቃሉ ጥሩ ቃል ነው፤ ሆኖም አንድ ነገር ይሸፍናል። ሰው ቅዝቃዜን፣ ፈረስ ጭነትን ይለምዳል፤ አንዲት ትል ግን መርዝ አትለምድም። ወይ ትሞታለች ወይ ትተርፋለች። የምትተርፈው ከመርዙ ጋር ቀስ በቀስ ስለ ተዋወቀች ሳይሆን፣ ገና ከእንቁላሏ ስትፈለፈል መርዙ የማይሠራበትን ዘረመል ከወላጆቿ ይዛ ስለ መጣች ነው። እንዲህ ያሉ ትሎች መርዙ ከመምጣቱ በፊትም በጣም ጥቂት ሆነው በመካከል ነበሩ። ርጭቱ ያደረገው ነገር ቢኖር ሌሎቹን ሁሉ አጥፍቶ ማሳውን ለእነርሱ ማስረከብ ነው። ስለዚህ «ለመደው» የምንለው ነገር፣ በውስጡ ሲታይ፣ ገበሬው ሳያውቅ የሠራው የዘር መረጣ ነው። የመንዝ በግ አርቢ ለማርቢያ የሚሆነውን አውራ አስቀርቶ ሌላውን ለገበያ እንደሚነዳ ሁሉ፣ መርዙም የማይሞተውን አስቀርቶ የሚሞተውን ያስወግዳል።

ይህ ልዩነት የቃላት ጨዋታ አይደለም። ጉዳዩ መልመድ ቢሆን ኖሮ መፍትሔው መርዙን ማክረር በሆነ ነበር፤ መረጣ ከሆነ ግን መርዙን ማክረሩ መረጣውን ያፈጥነዋል፣ መፍትሔውም ሲሰሙት የሚያስደነግጥ ይሆናል፤ ከሚሞቱት ትሎች ጥቂቶቹን ሆን ብሎ በሕይወት ማቆየት ነው። የተባይ ተመራማሪዎች «መጠለያ» የሚሉት አሠራር ይኸው ነው። ይህ ጽሑፍም ይህ አሠራር በልውጠ ሕያው፣ ማለትም ዘረመላቸው በሰው እጅ በተለወጠ፣ ሰብሎች ላይ ምን እንደሠራ፣ የት እንደ ከሸፈ፣ እንደ ሰሜን ሸዋ ባለ የጥማድ እርሻ ውስጥ ደግሞ ምን መልክ ሊኖረው እንደሚችል ይመረምራል።

ባሲለስ ቱሪንጄንሲስ የሚባል፣ በአፈር ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ አለ። ይህ ባክቴሪያ የሚሠራቸው ፕሮቲኖች የአንዳንድ ነፍሳትን፣ በተለይም የእሳት ራት ልጆች የሆኑትን ትሎች አንጀት ይበሳሉ። ፕሮቲኑን የሚያሠራው ዘረመል ወደ ጥጥና ወደ በቆሎ ተዛውሮ ተክሉ ራሱ መርዙን በቅጠሉና በአገዳው እንዲያመርት ሲደረግ «ቢቲ» የሚባለው ሰብል ይገኛል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በሰፊው ተዘርቷል። በኢትዮጵያ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655 በሩን በጠባቡ ከከፈተ በኋላ፣ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 896 ተሻሻለ፤ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ከሕንድ የመጡ ሁለት የቢቲ ጥጥ ዲቃላ ዝርያዎች ለእርሻ ተፈቀዱ። ድርቅንና ተባይን እንዲቋቋም የተሻሻለ በቆሎም በመልካሳ በተከለለ ማሳ ተሞክሯል። ልውጠ ሕያው ሰብል ለአገሪቱ ይበጃል ወይስ አይበጅም የሚለው ክርክር ሰፊ ነው፤ እዚህ አልገባበትም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ በዚህ ክርክር ውስጥ ደጋፊውም ተቃዋሚውም ስለ ዘሩ ብዙ ሲናገሩ ስለ ትሉ ዘር ግን እምብዛም አለመናገራቸው ነው።

ቢቲ ሰብል ከርጭት የሚለይበት አንዱ ነገር ዕረፍት የሌለው መሆኑ ነው። ርጭት ይረጫል፣ ዝናብ ያጥበዋል፣ ፀሐይ ያደክመዋል፤ የተረፈ ትልም በዚያ መካከል ይራባል። ቢቲ ተክል ግን ከበቀለበት ቀን ጀምሮ እስኪደርቅ ድረስ መርዙን ይዞ ይቆማል። ስለዚህ በአንድ አካባቢ ያለው በቆሎ ሁሉ ቢቲ ቢሆን፣ መረጣው ሌት ተቀን፣ ከዳር እስከ ዳር የሚካሄድ ይሆናል ማለት ነው።

መጠለያው፣ ማለትም ከቢቲው አጠገብ የሚዘራው ተራ ሰብል፣ የሚሠራበትን መንገድ በቁጥር ማየት ይቀላል። መርዙን የሚያስችለው ዘረመል ከ1,000 አንድ ነው እንበል። ትል እንደ ሰው ሁሉ ከአባትም ከእናትም አንዳንድ ቅጂ ይወርሳል። እንግዲህ ሁለቱንም ቅጂ ይዞ የሚወለድ ትል ከ1,000,000 አንድ ብቻ ይሆናል፤ አንዱን ብቻ የያዙት ግን ወደ 2,000 ይደርሳሉ። የመጠለያ ስልት ሙሉ በሙሉ የተመሠረተው እነዚህ 2,000ዎቹ ይሞታሉ በሚለው ግምት ላይ ነው። አንድ ቅጂ ብቻ የያዘ ትል መርዙን የማይችለው ከሆነ፣ የቀረው ሥጋት ያ ከሚሊዮን አንዱ ነው። እርሱ ከቢቲ ማሳ ተርፎ የእሳት ራት ሆኖ ሲወጣ የሚያገኘው የትዳር ጓደኛ እንደ እርሱ የተረፈ ከሆነ ልጆቻቸው በሙሉ መርዙን የሚችሉ ይሆናሉ። ከአጠገቡ ባለ ቢቲ ያልሆነ ማሳ ውስጥ በብዛት ያደገ፣ መርዙን የማይችል ራት ካገኘ ግን ልጆቹ አንድ ቅጂ ብቻ ይዘው ይወለዳሉ፤ ቢቲውን ሲቀምሱም ይሞታሉ። ሁለት ነጭ በጎች ጥቁር ግልገል ሲወልዱ «ከአያቱ የወረደ ነው» የሚል አርቢ ይህን አሠራር ያውቀዋል፤ የሚደበቅ ጠባይ ሁለት ተሸካሚዎች እስኪገናኙ ድረስ ተደብቆ ይኖራል። መጠለያው ሥራው እንዳይገናኙ ማድረግ ነው።

እዚህ ላይ ስልቱ የሚቆምባቸው ምሰሶዎች ይታያሉ፤ አንዱ ከወደቀ ሌላው ብቻውን አይሸከምም። መርዙ አንድ ቅጂ የያዘውን ትል ሳይቀር የሚገድል ጠንካራ መሆን አለበት፤ የአሜሪካ ተቆጣጣሪዎች በመለኪያነት የያዙት ተራውን ትል ለመግደል ከሚበቃው መጠን 25 እጥፍ ነው። ከመጠለያው የሚወጡት ራቶች ከቢቲው ከሚወጡት እጅግ መብለጥ አለባቸው፤ እዚያው የተያዘው ዒላማ ለአንድ ቻይ ራት 500 የማይችሉ ራቶች እንዲኖሩ ነው። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ሰሞን መውጣትና ለመገናኘት በሚበቃ ቅርበት መሆን አለባቸው። በዚህም ምክንያት በአሜሪካ ዋነኛ በቆሎ አብቃይ አካባቢ አንድ መርዝ ብቻ ለያዘ ቢቲ በቆሎ 20 በመቶ መጠለያ፣ ያውም ከማሳው ከ800 ሜትር በማይርቅ ቦታ እንዲዘራ ታዝዞ ነበር።

በተግባር የታየው ታሪክ እንደየአገሩ ነው። በአሪዞና የጥጥ ገበሬዎች መጠለያውን በትክክል ስለ ዘሩ፣ ሀምራዊው የጥጥ ትል ለዓመታት ቢቲውን ሳይችለው ቆየ፤ በ2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ መካን የተደረጉ ራቶችን በአውሮፕላን መልቀቅ ተጨመረበት፤ በ2018 ትሉ ከአሜሪካ የጥጥ እርሻ መጥፋቱ ታወጀ። የሚያስደስት ታሪክ ነው፤ ግን ሰፋፊ እርሻ፣ ጠንካራ የገበሬዎች ማኅበርና በመንግሥት ገንዘብ የሚበር አውሮፕላን ያለበት ታሪክ ስለሆነ፣ ለእኛ ብዙም አይነግረንም።

የሕንዱ ታሪክ ይቀርበናል። የሕንድ ጥጥ አምራች ማሳ እንደ እኛው ትንሽ ነው። ሕጉ መጠለያውን አልዘነጋም፤ ገበሬው 450 ግራም የቢቲ ዘር ሲገዛ 120 ግራም ተራ ዘር ለብቻው ታሽጎ አብሮት ይሰጠው ነበር። አብዛኛው ገበሬ ቢቲውን ዘርቶ ትንሿን ከረጢት ጣላት። ማን ይፈርድበታል? በእጁ ካለው ጥቂት መሬት ላይ ለትል የሚተወው ክፍል ለእርሱ የሚጠፋ ምርት ነው፤ የሚገኘው ጥቅም ግን የመንደሩ ሁሉ ነው፤ ያውም ከዓመታት በኋላ። በ2008 እ.ኤ.አ. በጉጃራት ሀምራዊው ትል የመጀመሪያውን የቢቲ መርዝ መቋቋሙ ታየ። ሁለት መርዝ የያዘው ቀጣዩ ዝርያም ብዙ ሳይቆይ ተሸነፈ፤ ምክንያቱም አንደኛው መርዝ ቀድሞ ስለ ተሸነፈ ድርቡ ዘር በተግባር በአንድ እግሩ የቆመ ነበር። በመጨረሻ በ2016 እ.ኤ.አ. መንግሥት ሌላ መንገድ ሞከረ፤ ተራው ዘር ለብቻው መታሸጉ ቀርቶ በቢቲው ከረጢት ውስጥ ተቀላቅሎ እንዲሸጥ አዘዘ። ገበሬው መምረጥ እንዳይችል ማድረግ ማለት ነው።

ቻይናውያን ደግሞ ይህንኑ ሳያስቡት አደረጉት። በያንግትዜ ወንዝ ሸለቆ ያሉ ገበሬዎች ከዲቃላ ጥጥ ሁለተኛ ትውልድ የተገኘ ዘር ርካሽ ሆኖ ስላገኙት ይዘሩት ጀመር። ከሁለት ወላጆች አንዱ ብቻ ቢቲ የሆነ ዲቃላ እርስ በርሱ ሲዳቀል ከልጆቹ ሩቡ የቢቲውን ዘረመል ሳይዝ ይወለዳል። በዚህ መንገድ ማሳዎቹ 25 በመቶ ተራ ተክል የተሰባጠረባቸው ሆኑ፤ እየጨመረ የነበረው የትሉ መቋቋምም ወደ ኋላ ተመለሰ። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ይህን ሲዘግብ ብዙዎች ተገርመዋል፤ የአገራችን ገበሬ የዲቃላ በቆሎ ዘር አስቀርቶ በዓመቱ ሲዘራ የሚቆጣ የግብርና ባለሙያም ሳይገረም የሚቀር አይመስለኝም። ይህ ማለት ግን ዘር ማስቀረት ለበቆሎም ያው ፈውስ ነው ማለት አይደለም፤ ምክንያቱን ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ለእኛ ከሁሉ የሚቀርበው የደቡብ አፍሪካው ነው፤ ሰብሉም በቆሎ፣ ትሉም የራሳችን አገዳ ቆርቁር ነውና። ቡሴዮላ ፉስካ የሚባለው ይህ ዝርያ አፍሪካዊ ነው፤ በኢትዮጵያም ከወይና ደጋ እስከ ደጋ በማሽላና በበቆሎ ላይ የሚገኘው ዋነኛው ቆርቁር እርሱ ነው። በደቡብ አፍሪካ ቢቲ በቆሎ በ1998 እ.ኤ.አ. መዘራት ጀመረ። ደንቡ ምርጫ ይሰጣል፤ 20 በመቶ የሚረጭ ወይም 5 በመቶ የማይረጭ መጠለያ። በቫልሃርትስ የመስኖ አካባቢ በተደረገ ዳሰሳ በመጀመሪያው ዓመት ደንቡን ያከበሩት ከ100 ገበሬ 8 እንኳ የማይሞሉ ነበሩ። ከ10 ዓመት በኋላ ሁሉም ያከብሩ ነበር፤ ግን ያን ጊዜ ትሉ ቀድሞ ነበር፤ መቋቋሙ በ2007 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ ተዘግቧል። የሚያስተክዘው ክፍል ቀጥሎ የመጣው ነው። ኋላ በተደረገ ምርመራ ይህ ትል መርዙን የሚችልበት ጠባይ የሚደበቅ ሳይሆን ጎልቶ የሚወጣ ሆኖ ተገኘ፤ አንድ ቅጂ ብቻ የያዘውም ይተርፋል ማለት ነው። ከላይ ያሰላነው ስሌት በሙሉ የቆመው 2,000ዎቹ ይሞታሉ በሚለው ላይ ነበር። እነርሱ ካልሞቱ፣ ትንሽ መጠለያ መዝራት መቋቋሙን በጥቂቱ ያዘገየው እንደሆነ እንጂ አያቆመውም። ስለዚህ ከደቡብ አፍሪካ የሚወሰደው ትምህርት «ገበሬው ሰነፍ ነበር» የሚል አይደለም፤ የአሜሪካን ትል አጥንቶ የተቆረጠ መቶኛ ለአፍሪካ ትል ሳይለካ ተሰጠ የሚል ነው። እኔ በበኩሌ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለዚህ ነው።

አሁን በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ወዳለው ወደ ቀወት ወረዳ ማሳ እንመለስ። አንድ ሄክታር፣ ማለትም አራት ጥማድ ያለው ገበሬ፣ መሬቱን በሙሉ በቆሎ ቢያደርገው፣ 20 በመቶ ማለት ከአንድ ጥማድ በጥቂቱ የሚያንስ፣ 2,000 ካሬ ሜትር መሬት ነው። 5 በመቶው ደግሞ 22 ሜትር በ22 ሜትር የሆነ ቁራሽ ነው። በዚህ ቁራሽ ላይ ትሉ እንዲራባ መተው፣ ከጎረቤት ወሰን በጥቂት እርምጃ ርቀት፣ ከጎረቤት ጋር የሚያጣላ ነገር ነው። ሰው «ትል አርብቶ ወደ ማሳዬ ላከብኝ» ማለቱ አይቀርም፤ ደግሞም ፍጹም የተሳሳተ አይሆንም።

ነገር ግን የሰሜን ሸዋ ቆላ አንድ ነገር አለው፤ ማሽላ። አገዳ ቆርቁር ማሽላን እንደ በቆሎ ይበላል። በየበቆሎው አጠገብ የቆመ ማሽላ፣ ገበሬው ትል ለማሳደግ ብሎ ያልዘራው፣ ለእንጀራውና ለከብቱ ብሎ የዘራው፣ ያልታወቀ መጠለያ ነው። በሰሜን ቻይና ብዙ ዓይነት ሰብል ለሚበላው ለጓይ ትል በቆሎውና ለውዙ ለቢቲ ጥጥ መጠለያ እንደ ሆኑት ማለት ነው። በምንጃር ሽምብራ ላይ የሚገኘው ይኸው ጓይ ትል ሩቅ የሚበር፣ ከሽምብራ ወደ ቲማቲም፣ ከቲማቲም ወደ በቆሎ የሚዘዋወር ስለሆነ፣ እንደ ምንጃር ባለ የተሰባጠረ እርሻ ውስጥ መጠለያ አጥቶ የሚቸገር ትል አይደለም። ሀምራዊው የጥጥ ትል ግን ከጥጥና ከነባሚያ ዘመዶቹ ውጭ ብዙም ማረፊያ የለውም፤ ለአዋሽና ለመተማ የጥጥ እርሻ የሚሠራው ሒሳብ ለሸዋ ሮቢት ማሽላ ከሚሠራው ጨርሶ የተለየ የሚሆነው በዚህ ነው።

ማሽላው ግን እንዲሁ በጅምላ «መጠለያ ነው» ተብሎ አይታለፍም። ረጅም ጊዜ የሚፈልገው የአገሬው ማሽላ በሚያዝያ ገደማ ይዘራል፤ በቆሎው የሚዘራው በሌላ ሰሞን ከሆነ፣ ከማሽላው የሚወጡት ራቶችና ከበቆሎው የሚተርፉት ጥቂቶች ላይገናኙ ይችላሉ። ባይገናኙ ደግሞ ማሽላው የቱንም ያህል ቢሰፋ ለመጠለያነት አይቆጠርም። ሌላው ሥጋት ማሽላው ራሱ ቦታ እየለቀቀ መሆኑ ነው። በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ማሾና ሽንኩርት ገንዘብ ያመጣሉ፤ ቆርቁር ግን ማሾም ሽንኩርትም አይበላም። ለገበሬው ኪስ ጥሩ የሆነው ለውጥ መጠለያውን ያጠበዋል። ማሽላው ላይ የሚረጭ መድኃኒት ቢጨመርም ያው ነው፤ ራት የማይወጣበት ማሽላ መጠለያ አይባልም። እንግዲህ ቢቲ በቆሎ ወደዚህ ቆላ ይምጣ ከተባለ፣ ከመምጣቱ በፊት መለካት ያለበት ነገር ይህ ነው፤ በየቀበሌው ስንት ጥማድ ማሽላ አለ፣ መቼ ይዘራል፣ ከእርሱስ በየትኛው ወር ስንት ራት ይወጣል የሚለው። ይህ ለደብረ ብርሃን የግብርና ምርምር ማዕከልና ለዩኒቨርሲቲው የሚከብድ ሥራ አይደለም፤ ወጥመድ፣ ደብተርና ሁለት ሦስት ክረምት ይበቃዋል።

የአገዳው ነገር ደግሞ ለብቻው ሊነሣ የሚገባው ነው። ቆርቁሩ በጋውን የሚያሳልፈው በደረቀ አገዳ ውስጥ ተኝቶ ነው። ገበሬው አገዳውን ለከብት መኖ፣ ለማገዶና ለአጥር ከምሮ ያስቀምጠዋል፤ ዝናቡ ሲመጣ ራቱ ከክምሩ ይወጣል። በዚህ ምክንያት የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ለዓመታት ሲመክር የኖረው አገዳውን መሬት ላይ ዘርግቶ ፀሐይ እንዲያገኘው፣ ወይም ቶሎ ለከብት እንዲሰጥ ነው። ምክሩ ትክክል ነው። ቢቲ ሲመጣ ግን አንድ ልዩነት ማድረግ ግድ ይሆናል። ከቢቲ ማሳ የተቆረጠ አገዳ ውስጥ የተኛ ትል ካለ፣ መርዙን ችሎ የተረፈ ነው፤ ያ አገዳ ከሁሉ ቀድሞ ፀሐይ መመታት አለበት። ከማሽላው የመጣው ክምር ግን በመጠኑ ቢቆይ ጉዳቱ ከጥቅሙ ያንሳል። አውስትራሊያውያን የጥጥ ገበሬዎች ይህንኑ ያደርጋሉ፤ ከምርት በኋላ የቢቲ ማሳውን አርሰው አፈር ውስጥ ተጠቅልሎ የሚከርመውን ያጠፋሉ፤ ለመጠለያ ብለው የዘሩትን የርግብ አተር ግን ለትሉ ይተዉለታል። ሁለቱን ክምር ለይቶ ማስቀመጥ ለአንድ ቤተሰብ ብዙ ልፋት አይደለም፤ የሚያስቸግረው ምክሩን ሁለት ምላስ ያለው ሳያስመስሉ ማስረዳቱ ነው።

ዘርን በከረጢት ውስጥ ቀላቅሎ መሸጥ ለጥማድ እርሻ የተፈጠረ መፍትሔ ይመስላል፤ ገበሬውን ከምርጫ፣ ጎረቤትንም ከጠብ ያድናል። ለቆርቁር ግን ጉድለት አለው። ከእንቁላል የተፈለፈለች ትንሽ ትል ከተክል ወደ ተክል ትዘዋወራለች። በተራው ተክል ላይ አድጋ ወደ ቢቲው የተሻገረች ትል ትልቅ ስለሆነች መርዙን በከፊል ልትቋቋመው ትችላለች፤ ከቢቲው ጥቂት ቀምሳ ወደ ተራው የሸሸችም እንዲሁ። አንድ ቅጂ የያዙት በዚህ ቀዳዳ ይሾልካሉ። ከዚህም ሌላ በቆሎ በነፋስ የሚዳቀል ስለሆነ፣ በመካከል የቆመው ተራ በቆሎ ፍሬ ከጎረቤቱ የቢቲ አበባ ዱቄት ተቀብሎ አንዳንዱ ፍሬ መርዝ፣ አንዳንዱ ደግሞ ባዶ ይሆናል። የቻይናው የጥጥ ተሞክሮ ወደ በቆሎ እንዲሁ አይገለበጥም ያልሁት ለዚህ ነው። ከከረጢቱ ይልቅ በመንደር ደረጃ የሚቆጠር መጠለያ፣ ማሽላውን ጨምሮ፣ ለዚህ ትል የሚሻል ይመስለኛል።

ስለ መጤው ተምች አጭር ነገር ልበል። በ2009 ዓ.ም. በደቡብ ምዕራብ በየኪ ወረዳ ከታየ ጀምሮ አገሩን ያዳረሰው ይህ ትል፣ በአንድ ሌሊት በነፋስ ታግዞ 100 ኪሎ ሜትር ሊጓዝ የሚችል ነው። በፖርቶ ሪኮ በ2006 እ.ኤ.አ.፣ በብራዚልም ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንዱን የቢቲ መርዝ አሸንፏል። እንዲህ ያለውን በራሪ በቀወት ውስጥ በሚዘራ መጠለያ ብቻ እንይዘዋለን ማለት ከንቱ ነው፤ ሌላ ቦታ የተመረጠ ዘር በነፋስ ይመጣል። ቢቲ በቆሎ የሚሸጠው በዚህ ትል ስም ከሆነ ሥጋቴ ይጨምራል።

ለትሉ የሚተወውን ማን ይተዋል የሚለው ጥያቄ ግን ሳይመለስ ቀርቷል፤ ባዮሎጂውም አይመልሰውም። መርዝ የማይችል ትል መኖሩ የጋራ ሀብት ነው፤ አንዱ ሲያጠፋው ሁሉም ያጣል፣ አንዱ ሲያቆየው ሁሉም ያገኛል። ሰሜን ሸዋ ይህን ዓይነት ሀብት ሲያስተዳድር የኖረ አገር ነው። የመንዝ ጓሳ ከ400 ዓመት ገደማ ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ይጠበቅ ነበር፤ ሣሩ ለዓመታት ተዘግቶ፣ ሁሉም በአንድ ቀን ገብቶ የሚያጭድበት ቀን በጋራ ይቆረጥ ነበር። አንድ ሰው በሌሊት ገብቶ ቢያጭድ ለራሱ ያተርፋል፤ ሁሉም እንዲህ ቢያስብ ግን ጓሳ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲፈርስ ሣሩ ተጎዳ፤ ኋላ ማኅበረሰቡ በመተዳደሪያ ደንብ መልሶ አቆመው። የጓሳ ሰው የተገደበውን ሣር በዓይኑ ያያል፤ በማሽላ አገዳ ውስጥ ያለች ደካማ ትል ሀብት መሆኗን ግን ማንም አያይም። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ቢሆንም ደንቡን ከዘር ሻጩ ከረጢት ላይ ከመጻፍ፣ በየቀበሌው ማሽላ ከስንት ጥማድ በታች አይውረድ የሚለውን በራሳቸው ሸንጎ እንዲቆርጡት ማድረግ፣ ቅጣቱንም ካሣውንም እነርሱ እንዲወስኑ መተው የተሻለ ዕድል አለው። ለመጠለያ ብሎ ምርት ላጣው ሰው ከሌሎቹ የሚዋጣ ቁና እህል፣ ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ያግባባል።

አንድ የመጨረሻ ተግባራዊ ነገር አለ። ቆርቁር የገባበት ተክል ቅጠሉ ላይ በተርታ የተደረደሩ ቀዳዳዎች ይታያሉ፤ ማንኛውም የቆላ ገበሬ ያውቃቸዋል። ይህን ምልክት ቢቲ ተብሎ በተሸጠለት በቆሎ ላይ ያየ ገበሬ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ትሉን ሳይሆን ነጋዴውን ነው፤ «ዘሩ ሐሰተኛ ነው» ይላል፤ እውነቱም ሊሆን ይችላል። ሻጩ ደግሞ በአያያዙ ያሳብባል። ሁለቱን የሚለይ ቀላል መሣሪያ አለ፤ የተጨመቀ ቅጠል ውስጥ ሲነከር ፕሮቲኑ መኖር አለመኖሩን በደቂቃዎች የሚያሳይ ቀጭን ወረቀት ነው። ወረቀቱ ፕሮቲኑ የለም ካለ ጉዳዩ የንግድ ክርክር ነው። ፕሮቲኑ አለ ካለና ትሉም በሕይወት ካለ፣ ያ ማሳ በዚያው ሳምንት መቆረጥ፣ ትሎቹም ተለቅመው ወደ ምርምር መላክ ይኖርባቸዋል። ወረቀቱ በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት መሳቢያ ውስጥ ከሌለ ግን ክርክሩ በገበሬውና በሻጩ መካከል እየተጓተተ ይቆያል፤ ራቶቹም በዚያ መካከል ከአገዳው ወጥተው ወደ ጎረቤት ማሳ ይሻገራሉ።